የሚደብቀው የሌለው ሰው ገመና ለምን ያስፈልገዋል?

ባለፈው እትማችን፣ መንግሥታት የሰዎችን የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት በጅምላ መከታተላቸው ለጸጥታ ይበጃል ወይስ ይጎዳል ብሎ ጠይቆ፣ ይጎዳል ብሎ የሚመልስ ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች ከወትሮው የበዙ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከጽሑፉ ጋር አይስማሙም። ከደብዳቤዎቹ ስድስቱን መርጬ፣ የጸሐፊዎቹን ስም በፈቃዳቸው ትቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ “ለብዙ ዓመታት በጥበቃ ሥራ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። በምጠብቀው ሕንፃ በር ላይ ካሜራ ከተተከለ ወዲህ ስርቆት መቀነሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ሌሊት መስኮት ሰብሮ የገባ ሌባም በምስሉ ተለይቶ ተይዟል። ታዲያ ክትትልን እንዲህ የሚያስፈራ ነገር አድርጋችሁ መጻፋችሁ ለምንድን ነው? እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም። የሚደብቀው የሌለው ሰው ቢታይ ምን ይጎዳዋል?”

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠቀሱት ካሜራ ጥሩ መነሻ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ያ ካሜራ አንድ በር ብቻ ያያል፤ በሚገባውም በሚወጣውም ሰው ፊት በግልጽ ተሰቅሏል፤ ምስሉ የሚታየው አንድ ነገር ሲጠፋ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀረጻው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአዲስ ቀረጻ እየተተካ ይጠፋል። ያላግባብ ተጠረጠርኩ የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ አቤት የሚልበት የሕንፃው አስተዳደር አለ። የጅምላ ክትትል የምንለው እነዚህ ገደቦች ሁሉ የተነሡለትን አሠራር ነው። ሁሉንም በር ያያል፤ ራሱ ግን አይታይም። የጠፋ ነገር ሳይኖር ይመዘግባል፤ የመዘገበውንም ለዓመታት ያቆያል። የተመዘገበው ሰው መመዝገቡን ስለማያውቅ አቤት የሚልበት ደጃፍ የለውም። ስለዚህ እርስዎ በዓይንዎ ያዩት መልካም ሥራ የመጀመሪያው ነው፤ ለሁለተኛው ዋስ አድርጎ ማቅረቡ አያስኬድም።

“የምደብቀው የለኝም” የሚለውን ብዙ ቅን ሰዎች ይናገሩታል። ነገር ግን በቋንቋችን ገመና ማለት ጥፋት ማለት አይደለም። ባልና ሚስት ስለ ልጃቸው ሕመም በለሆሳስ ሲነጋገሩ፣ ባለዕዳ አበዳሪውን ጥቂት ቀን ስጠኝ ብሎ ሲለምን፣ ሰው ለብቻው ሆኖ ሲያለቅስ የሚሸፍኑት ነገር አላቸው፤ ወንጀል ግን የለባቸውም። በር ዘግቶ ልብስ የሚቀይር ሰው ምን ሰርቆ ነው የዘጋው ተብሎ አይጠየቅም። ገመና የሚሸፈነው የራስ ስለሆነ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም አለ። የሚደበቅና የማይደበቅ ነገር የቱ እንደሆነ የሚወስነው የተመዘገበው ሰው ሳይሆን መዝገቡን የያዘው ነው፤ መዝገቡን የያዘው ደግሞ ሊለወጥ ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በኔዘርላንድስ የነበረው የሕዝብ መዝገብ የነዋሪዎችን ሃይማኖት ጭምር የያዘ፣ በጥንቃቄ የተደራጀ መዝገብ ነበር። ሃይማኖታቸውን ያስመዘገቡት ሰዎች የሚደብቁት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1940 ናዚ ጀርመን አገሪቱን ስትይዝ ግን መዝገቡ ከነካርዶቹ በወራሪው እጅ ገባ፤ አይሁዳውያንን ከሌላው ሕዝብ አንድ በአንድ ለይቶ ለማውጣትም አገለገለ። ከ140,000 ገደማ የአገሪቱ አይሁዳውያን ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ማርች 27 ቀን 1943 የተቃውሞ ንቅናቄ አባላት የፖሊስ ልብስ ለብሰው አምስተርዳም ወደሚገኘው መዝገብ ቤት ገቡና ካርዶቹን በፈንጂና በእሳት ለማጥፋት ሞከሩ፤ ማቃጠል የቻሉት ግን ከፊሉን ብቻ ነበር። ከመካከላቸው 12ቱ ተይዘው ተረሸኑ። ሰዎች አንድ ወረቀት እንዲጠፋ ሕይወታቸውን እስከ መስጠት የደረሱት፣ በቅን ልብ የተሞላ መዝገብ በክፉ እጅ ሲገባ የሚያደርገውን ስላዩ ነው። እርስዎ የሚያምኑት የዛሬውን ጠባቂ ይሆናል። መዝገቡ ግን ከዛሬው ጠባቂ የበለጠ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ “የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። መረጃ በበዛ ቁጥር ኮምፒውተር የሚሰጠው ግምት እየተሻሻለ እንደሚሄድ እናውቃለን። ከመቶ 99 ጊዜ የማይሳሳት ፕሮግራም የሁሉንም ሰው ግንኙነት እየመረመረ የሽብር ሴራ የሚያሤሩትን ቢለይልን፣ አንድ ከመቶ ስሕተት ለሚተርፈው ነፍስ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ አይሆንም?”

መልስ፦ ተማሪ ስለሆንክ ስሌቱን አብረን እንሥራው። 10 ሚሊዮን ሕዝብ እንውሰድና ከመካከሉ 100 ሰዎች በእርግጥ ጥቃት እያሤሩ ነው እንበል። ፕሮግራምህ ከመቶ 99 ጊዜ ስለማይሳሳት ከ100ዎቹ 99ኙን ይጠቁማል፤ ይህ ግሩም ነው። ከቀሩት 9,999,900 ንጹሐን ላይ ደግሞ አንድ ከመቶ ይሳሳታል፤ ስለዚህ 99,999 ንጹሐን ሰዎችን አብሮ ይጠቁማል። መርማሪው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ዝርዝር ከ100,000 ስም ይበልጣል ማለት ነው፤ ከእያንዳንዱ 1,000 ስም ውስጥ በእርግጥ ሴረኛ የሆነው በአማካይ አንድ ገደማ ነው። አንድ መርማሪ አንዱን ሰው በአንድ ቀን አጣርቶ ቢጨርስ እንኳ ዝርዝሩን ለመጨረስ 400 መርማሪዎች ለ250 የሥራ ቀናት ሌላ ሥራ ሳይሠሩ መቀመጥ አለባቸው። እውነተኞቹ ሴረኞች እስከዚያ ድረስ አይጠብቁም። ስሕተቱን የሚያመጣው የፕሮግራሙ ድክመት ብቻ አይደለም፤ የሚፈለገው ሰው እጅግ ጥቂት፣ የሚፈተሸው እጅግ ብዙ መሆኑ ነው። ብዙ መረጃ መጨመር የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ የሚደጋገምን ነገር ለመገመት ነው። የባንክ ካርድ ማጭበርበር በየቀኑ ስለሚፈጸም ኮምፒውተር መልኩን ይማራል፤ የሽብር ጥቃት ግን እምብዛም የማይደርስና አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል በመሆኑ የሚማርበት በቂ ምሳሌ የለውም።

በተግባር የታየውም ከስሌቱ ብዙ አይርቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የአገሪቱን ዜጎች የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ እንደሚሰበስብ የኤጀንሲው የኮንትራት ሠራተኛ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣቸው ሰነዶች እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ይፋ ሆነ። በዚያው አገር የግላዊነትና የዜጎች መብት ተቆጣጣሪ ቦርድ ሚስጥራዊ ሰነዶችን ጭምር አገላብጦ በጃንዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ ይህ የስልክ መዝገብ በአገሪቱ ላይ ያነጣጠረን የሽብር ምርመራ ውጤት በተጨባጭ የለወጠበት አንድም አጋጣሚ አላገኘሁም አለ። ይህን ያለው ሥራው ሰነዱን መመርመር የሆነ የመንግሥቱ የራሱ አካል ነው። በጁን 2015 የወጣ ሕግም በመንግሥት እጅ የሚደረገውን የጅምላ ስብሰባ አስቆመ።

የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃትን የመረመረው ኮሚሽንም፣ ከአውሮፕላን ጠላፊዎቹ ሁለቱ አስቀድመው በማዕከላዊ የስለላ ድርጅቱ (ሲአይኤ) ይታወቁ እንደነበር አረጋግጧል። የጎደለው አንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን ለሌላው በጊዜው ማካፈል ነበር። እንደ እኔ አስተያየት፣ ለዚያ ጉድለት የሁሉንም ሰው ስልክ መመዝገብ መድኃኒት ተደርጎ መወሰዱ በሽታውንና ሐኪሙን አላገናኘም።

ጥያቄ፦ “ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ጡቴ ላይ እብጠት ዳሰስኩ። ስልኬን ከፍቼ ጥያቄዬን መጻፍ ጀመርኩና ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ማን ያየው ይሆን ብዬ ፊደል በፊደል አጥፍቼ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክፉ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ግን ይህን ስነግረው ‘የሚሰበሰበው ቁጥርና ሰዓት ብቻ ነው፤ የምትናገሪውን ማንም አያዳምጥም’ አለኝ። እውነቱ የቱ ነው?”

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደኅና ሆኑ። ባለቤትዎ የተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ የስልክ መዝገብ ለምሳሌ ንግግርን አይቀዳም ነበር፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደደወለ ብቻ ይይዝ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ምን እንደሚመስል እንይ። ጠዋት 3 ሰዓት ከ10 ለጡት ሕክምና ክፍል፣ 4 ደቂቃ። ጠዋት 3 ሰዓት ከ15 ለእህት፣ 52 ደቂቃ። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል፣ 6 ደቂቃ። በዚያው ዕለት ማታ ለካህን፣ ግማሽ ሰዓት። አንዲት ቃል አልተቀዳችም፤ ግን ሴትዮዋ ምን እንዳጋጠማት ያልገባው አንባቢ ይኖራል? ንግግርን አዳምጦ መረዳት ብዙ ሥራ ይጠይቃል፤ ቁጥርና ሰዓትን ግን ማሽን በቅጽበት ያነጻጽረዋል። ለዚህም ነው ቁጥርና ሰዓት አንዳንድ ጊዜ ከንግግሩ ይልቅ ገመና ገላጭ የሚሆነው።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ800 በላይ ፈቃደኞች የስልክ መዝገባቸውን ሰጥተዋቸው ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሥራቸው፣ ከጥሪ ዝርዝር ብቻ ተነሥተው የአንዱን ተሳታፊ የልብ ሕመም ለማወቅ ችለዋል። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የስልክ መገኛ መረጃ መርምሮ፣ አንድ ሰው በየትኛው ሰዓት የት እንደነበረ የሚናገሩ አራት ነጥቦች ብቻ ከመቶ 95ቱን ሰው ከሌላው ሁሉ ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቁ አሳየ፤ ስም መሰረዙ አያድንም ማለት ነው። የአሜሪካን ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲና ሲአይኤን በተለያየ ጊዜ የመሩት ጄኔራል ማይክል ሄይደንም በ2014 በአንድ ክርክር ላይ፣ እንዲህ ባለው የግንኙነት መረጃ ላይ ተመሥርተን ሰው እንገድላለን ሲሉ በይፋ ተናግረዋል። ጄኔራሉ እንዲህ ካሉ፣ “ቁጥርና ሰዓት ብቻ” የሚለውን “ብቻ” ማውጣት ያለብን ይመስለኛል።

ወደ እርስዎ ልመለስ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ስልኩን ገልብጠው ማስቀመጥዎ ነው። ጥያቄዎን ያየ ሰው ስለመኖሩ ምንም ማስረጃ አልነበረዎትም፤ ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን ሁለት ወር ወሰደብዎ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከስኖውደን ሰነዶች በኋላ ሰዎች በዊኪፒዲያ ላይ ከሽብር ጋር የተያያዙ ርእሶችን ማንበብ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ማንበብ ወንጀል አልነበረም፤ ያልተከለከለውን ነገር ሰዎቹ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ከለከሉት። የሚታይ ሰው ከመጠየቅ ይቆጠባል፤ ከሕመም ጋር ያለ ሰው ሲቆጠብ ደግሞ የሚጎዳው በሰውነቱ ነው። እኔ ግላዊነትን ከደኅንነት ጋር ሳስተያየው መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው፤ እርስዎ ያንን ሌሊት ያጡት ግላዊነትን ብቻ ሳይሆን ደኅንነትንም ነው።

ጥያቄ፦ “እኔ በወንጀል ምርመራ ሙያ ላይ ነኝ። እናንተ ስለ መብት ስትጽፉ፣ እኔ የጠፋ ልጅ ፎቶ ይዛ የምታለቅስ እናት ፊት እቆማለሁ። የተጠርጣሪው ስልክ እጄ ላይ እያለ መልእክቱ ስለተመሰጠረ፣ ማለትም ቁልፉ ለሌለው ወደማይነበብ ኮድ ስለተለወጠ፣ ማንበብ አልችልም። ለሕግ አስከባሪ ብቻ የሚከፈት አንድ በር ቢተው ምን ችግር አለው?”

መልስ፦ የእርስዎ ደብዳቤ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በዚያች እናት ፊት የሚቆም ሰው ቶሎ የሚከፈት በር መመኘቱ ተገቢ ነው፤ መርማሪ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ የሚል ሰውም ሊኖር አይገባም። ችግሩ በሩ የሚከፍተውን ሰው ሐሳብ አለማወቁ ነው። ለሕግ አስከባሪ የተሠራ በር፣ ቁልፉን ላገኘ ሁሉ ይከፈታል።

ይህም በገሃድ ደርሷል። በግሪክ የአቴንስ ኦሊምፒክ በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የሞባይል ድርጅት በሚጠቀምባቸው የስልክ ማዞሪያዎች ውስጥ፣ ለሕጋዊ ጠለፋ፣ ማለትም ሕግ አስከባሪ በፈቃድ ስልክ እንዲያዳምጥ፣ ተብሎ የተሠራ የሶፍትዌር ክፍል ነበር። ማንነታቸውን የሰወሩ ሰዎች ያንኑ ክፍል በድብቅ አንቀሳቅሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ኮስታስ ካራማንሊስን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰዎችን ስልክ ሲያዳምጡ ቆዩ፤ ነገሩ የተደረሰበትም በማርች 2005 ነው። የሕግ በር የተባለው የአገሪቱን መሪ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2024 ደግሞ ከቻይና ጋር የተያያዙ ጠላፊዎች የአሜሪካ የቴሌኮም ድርጅቶችን ሰብረው እንደገቡ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለሕግ አስከባሪዎች የሚሰጥ መረጃንም ጭምር እንደቀዱ የአገሪቱ መንግሥት በይፋ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ለጥቃት የተጋለጡ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ፣ ማለትም መልእክቱን አገልግሎት ሰጪው ድርጅት እንኳ የማያነበው፣ መተግበሪያ ብቻ እንዲጠቀሙ መከረ። ምስጠራው እርስዎን ከአንድ ወንጀለኛ መልእክት ሲያግድዎ፣ ሌሎች ወንጀለኞችን ደግሞ ከሆስፒታሉ፣ ከባንኩ፣ ከራስዎ የምርመራ መዝገብም ያግዳል። ሁለቱን መለየት የሚችል ምስጠራ እስካሁን አልተሠራም።

ለመርማሪ የሚቀረው መንገድ ግን ጠባብ አይደለም። ስሙ የታወቀን ተጠርጣሪ፣ ምክንያቱን ለዳኛ አስረድቶ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ በትዕዛዝ መከታተል፤ ስልኩን በሕግ ይዞ መመርመር፤ መልእክቱን ከተቀበለው ሰው ማግኘት፤ ምስክር መፈለግ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በሜይ 2021 በእንግሊዝ የጅምላ ጠለፋ ሥርዓት ላይ በሰጠው ውሳኔ ጠለፋን በጠቅላላው አልከለከለም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ገለልተኛ አካል ሊፈቅደው፣ እስከ መጨረሻም ሊቆጣጠረው ይገባል ብሎ ይህ የጎደለው ሥርዓት መብት ጥሷል አለ። እኔ በግሌ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ጥብቅ ነኝ፤ ሁሉንም ሰው አስቀድሞ መዝግቦ ከዚያ ጥፋተኛ መፈለግ በየትኛውም ቁጥጥር ሥር የሚስተካከል አይመስለኝም። ነገር ግን እርስዎና እኔ መነጋገር የምንችለው በዚህ መስመር ላይ ነው፤ ማን ፈቀደ፣ በማን ላይ፣ እስከ መቼ በሚለው።

ጥያቄ፦ “ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ግራ ገባኝ። እንደ እኔ ያለ ተራ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?”

መልስ፦ በአጭሩ ልመልስ። ስልክዎ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲጠይቅዎ አያዘግዩ፤ ብዙ ጠላፊዎች የሚገቡት ባልተደፈነ ቀዳዳ ነው። እንደ ሲግናል ወይም እንደ ዋትስአፕ ያለ፣ ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚመሰጥር መተግበሪያ ይጠቀሙ፤ ሆኖም የንግግሩ ይዘት ቢሸፈንም ከማን ጋር እንደተነጋገሩ ሊታወቅ እንደሚችል አይዘንጉ። መገኛዎን፣ ማይክሮፎንዎንና የስልክ ማውጫዎን ያለምክንያት የሚጠይቅን መተግበሪያ ይከልክሉ። ለዋና ዋና አካውንቶችዎ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቅ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያብሩ። ይህ ከሌባ በደንብ ይጠብቅዎታል፤ ከጅምላ ክትትል ግን ከፊል መከላከያ ብቻ ነው፤ ያኛው የሚገታው በሕግና በፍርድ ቤት ስለሆነ፣ አብረው ለሚጠይቁ ሰዎች እንጂ በግል ለሚጠነቀቅ ሰው አይበገርም።

ጥያቄ፦ “የ16 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ሳያውቅ ስልኩ ላይ የሚገኝበትን ቦታ የሚያሳየኝ መተግበሪያ ጭኛለሁ። ጽሑፋችሁን ሳነብ አፈርኩ፤ ግን ሲመሽበት ያንን ነጥብ በካርታው ላይ ሳየው ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። እኔም የጅምላ ተከታታይ ነኝ ማለት ነው?”

መልስ፦ አይደሉም፤ አንድ ልጅ የሚወዱ አንዲት እናት ነዎት፤ የልጅ አደራም አለብዎት። ማፈርዎ ግን መልካም ነገር ነክቶ ነው። ለመርማሪው የጻፍኩለትን ሦስት ጥያቄዎች ለራስዎ ያቅርቡ፤ ማን ፈቀደ፣ በማን ላይ፣ እስከ መቼ። ሁለተኛው ግልጽ ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው መልስ የላቸውም፤ ልጅዎ አያውቅም፤ ክትትሉም የሚያበቃበት ቀን የለውም። ሳይነግሩት ራሱ ቢደርስበት፣ በእርግጥ አደጋ ላይ በወደቀ ቀን ስልኩን ቤት ትቶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ነጥቡ ሳሎን ላይ ያርፋል፣ እርስዎም ተኝተው ያድራሉ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቢቻል ይንገሩት። ይቆጣ ይሆናል፤ ቁጣውን ታግሠው ይስሙት። ከዚያ አብራችሁ ተስማሙ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከቤት ውጪ ሲሆን ብቻ ይበራል፤ 18 ዓመት ሲሞላው በእርሱ እጅ ይጠፋል፤ እርስዎም ሲያመሹ እርሱ የእርስዎን ያያል። መልሱን ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።